ገበጣ ያስገድፋልን?

ከገና ዋዜማ ጀምሮ እስከ ፋሲካ ድረስ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ለሚኖሩ ልጆቻችን አገልግሎት ተልከን በሄድንበት ወራት፣ አንዲት እኅት መስቀል ተሳልማ ቀና ካለች በኋላ አንድ ነገር ጠየቀችን። በዚያ አገር ብዙ ጥያቄ ሰምተናል። ስለ ሕልም፣ ስለ ስለት፣ ወደ አገር ቤት ስለሚላክ ገንዘብ፣ የፍስክ ምግብ በሚያበስሉበት ቤት ጾምን ስለ መጠበቅ ይጠይቁናል። የእርሷ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነበር። «አባ፣ በጾም ገበጣ መጫወት ያስገድፋል?» አለችን።

«አዎን» ልንላት አፋችንን ከፍተን ነበር። በአብነት ትምህርት ቤት ላደገ ሰው የእንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ ከአፉ አይርቅም፤ ዋዛ ፈዛዛን ሽሹ፣ በጾም ወራት ዐይንም ጆሮም ይጹም ሲባል ሰምተን አድገናል፤ እኛም ለሌሎች ስንል ኖረናል። ነገር ግን ቃሉ ሳይወጣ አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለንና ዝም አልን። ዝምታችን ስለ ረዘመ ልጅቱ ደነገጠች። «ይፍቱኝ አባ፣ ሳላስብ ነው የጠየቅሁት» ብላ ልትሄድ ስትል፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ ይልቅስ የምትጫወቱበትን ቦታ አሳዪን» አልናት።

ይህ የሆነው በአል ዓይን ነው። አል ዓይን ከአቡ ዳቢ ከተማ ወደ ምሥራቅ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በኦማን ድንበር ላይ የምትገኝ ጥንታዊት የበረሃ ከተማ ናት። ስሟ በዐረብኛ ምንጭ ማለት ሲሆን ይኸው ቃል ዐይንንም ስለሚያመለክት ለግእዝ ተማሪ ጆሮ ባዕድ አይደለም። ፈለጅ በሚባሉ ቦዮች በተራ የሚጠጡ ከ147,000 በላይ የተምር ዛፎች ያሉበት የአትክልት ሥፍራ በመካከሏ አለ፤ እርሱም ከሌሎች የከተማዋ ጥንታውያን ቦታዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ከከተማዋ በስተ ደቡብ ከ1,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ቁጥቋጦ እንኳ የራቀው ጀበል ሐፊት የተባለ ተራራ ቆሟል። ከተራራው ሥር ግሪን ሙባዘራ የሚሉት ፍል ውሃ የሚወጣበት መናፈሻ አለ። የዕረፍት ቀን ያገኙ እኅቶቻችን ከጸሎት በኋላ የሚሰበሰቡት በዚህ ነው።

ዕለቱ እሑድ ስለ ነበር ምሳቸውን በጊዜ በልተዋል፤ በበረዶ ዕቃ ያመጡት እንጀራ፣ ሽሮና ምስር ገና ተዘርግቶ ነበር። ሣሩ አልቆ አሸዋው ከሚጀምርበት ዳር ላይ በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ተቆፍሯል። ደረቅ አሸዋ ጉድጓድ አይዝም፤ ስለዚህ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ እያረጠቡ በቡና ሲኒ ተጭነው ነው ያበጁት። ጠጠሩ የተምር ፍሬ ነው። በልተው የተረፈውን አስኳል አጥበው፣ አድርቀው፣ መጠኑ የተካከለውን መርጠው በአንድ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ያኖሩታል። ቆርቆሮውን በየሳምንቱ የምታመጣው አንዲቱ ናት፤ እርሷ ዕረፍት የተከለከለች ሳምንት ጨዋታው ይቀራል ማለት ነው። ደግሞ የሌላ ቤት ፍሬ ለምን እንደማይሆን ብንጠይቅ ሁሉም ሳቁብን፤ «ይሄ እጅ ለምዶታል አባ» አሉን።

ገበጣን የማያውቅ ተሳላሚ ይኖራል ብለን አንጠረጥርም። ይሁን እንጂ ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው ሕጉ ይለያያል፤ አንዱ ሁለት ረድፍ፣ ሌላው ሦስት ረድፍ ይቆፍራል፤ በየጉድጓዱ ሦስት ወይም አራት ጠጠር ይገባል። ከአንዱ ጉድጓድ ያለውን ሁሉ አንሥቶ፣ አንድ አንድ እየጣሉ መሄድ ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ ስለ ገበጣና ስለ ዘመዶቹ ባወጡት ጽሑፍ በኢትዮጵያና በአካባቢዋ የሚገኙትን ብዙ ዓይነቶች ዘርዝረዋል። ዘመዶቹ ከአገራችንም አልፈው ሩቅ ይሄዳሉ። ከአል ዓይን ድንበር ማዶ በኦማን ሐዋሊስ የሚባለው ጨዋታ አራት ረድፍና በየረድፉ ሰባት ጉድጓድ አለው። በኳታር ጀበል ጃሳሲያ በተባለ ቦታ በድንጋይ ላይ ሁለት ሁለት ረድፍ ሆነው የተፈለፈሉ ጉድጓዶች አሉ፤ ከተመራማሪዎቹም ለእንዲህ ያለ ጨዋታ የተሠሩ ናቸው የሚሉ አሉ።

ይህን የምንለው ከመጽሐፍ ብቻ አንብበን አይደለም። እኛ ቆመን ስናይ አንድ በመናፈሻው ሣር የሚያጠጣ ሽማግሌ፣ የደቡብ ሕንድ ሰው፣ የውሃ ጎማውን ይዞ ቀረበ። ጉድጓዶቹን በጣቱ ቆጥሮ ራሱን ነቀነቀና ሰባት ጣቶቹን አሳየን፤ በእርሱ አገር በየረድፉ ሰባት ነው ማለቱ ነው። «ፓላንጉሊ» አለን። የጨዋታው ስም በታሚል ቋንቋ እንዲህ ነው፤ ጠጠሩም የተምር ሳይሆን የሮቆ ፍሬ ወይም ዛጎል ነው። ከዚያ ሳይጠየቅ በጎማው ጥቂት ውሃ በአሸዋው ላይ ረጭቶ ሄደ። እኅቶቻችን ከእርሱ ጋር የሚግባቡበት ቋንቋ የላቸውም፤ እኛም የለንም።

አሁን ያን የቆየ ነገር እንንገራችሁ። ዛሬ ስድሳውን አልፈናል፤ ያኔ ገና ዲያቆን ሳለን ከመምህራችን ሥር ሆነን ሕፃናትን ንባብ እናስተምር ነበር። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ነበረ፤ ንባቡ ዘገምተኛ፣ ቁጥሩ ግን ፈጣን። በጾመ ነቢያት አንድ ቀን ከጎጆው ጀርባ ገበጣ ቆፍሮ፣ የሚጫወትለት ሰው ስላጣ በሁለቱም ወገን እርሱ ራሱ እየተጫወተ አገኘነው። አልጮኽንበትም። ጉድጓዶቹን በእግራችን አንድ በአንድ ደፈንናቸው፤ ጠጠሩን ወደ ገደል ወረወርን፤ ልጁንም እስከ ማታ ድረስ አንበረከክነው። ሲያለቅስ አላየነውም፤ ጉድጓዱ የነበረበትን አፈር ብቻ ይመለከት ነበር። በሳምንቱ ትምህርት ቤቱን ትቶ ሄደ። ወላጆቹ ወደ ቆላ ወርደዋል ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ወሬውን አልሰማንም። ከዓመታት በኋላ ባሕረ ሐሳብ ስንማር፣ ወንበር ስንቆጥር፣ አበቅቴና መጥቅዕ ስናወጣ፣ እየቆጠሩ መጣልና የተረፈውን መያዝ ሲመጣ ያ ልጅ ትዝ አለን። እኛ ሦስት ጊዜ የሳትነውን ስሌት እርሱ በአንድ ጊዜ ያወጣው ነበር ብለን አሰብን። ስሙን እስከ ዛሬ በጸሎት እናነሣለን። በገዳማችን ያሉ አባቶች ይህን አንብበው «ለጥቂት ጠጠር ይህን ያህል» ይሉ ይሆናል። እኛ ግን የተቆጣነው ስለ ጾሙ እንዳልነበረ እናውቃለን፤ የተቆጣነው ልጁ እኛን ሳይፈልግ ደስ ስላለው ነበር።

በቋንቋችን ጨዋታ የሚለው ቃል ሰፊ ነው። ሕፃን በአፈር ይጫወታል፤ ሽማግሌዎች በጥላ ሥር ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ እንግዳ ሲመጣ «እስቲ ተጫወት» ይባላል፤ መነኩሴም ቢሆን ከዘመዱ ጋር ተገናኝቶ ሲያወራ «ሲጫወቱ አመሹ» ይባልለታል። በአንዳንድ ሕዝቦች ቋንቋ ወግና ጨዋታ በሁለት ቃል የተለያዩ ናቸው፤ እኛ ዘንድ ሰው ከሰው ጋር ያለ ጥቅም የሚያሳልፈው ጊዜ ሁሉ አንድ ስም አለው። ግእዙም ድሃ አይደለም። ተዋነየ ማለት ተጫወተ ማለት ነው፤ ተውኔትና ተዋናይ የሚሉት ቃላት የመጡት ከዚሁ ነው። የቅኔ ጌቶች ሲዘከሩ ስሙ የሚነሣው የጎንጁ ተዋነይ ስሙን ከዚሁ ቃል ጋር አያይዘው የሚተረጉሙለት አሉ። በቅኔ ቤት ሌሊት የተቀመጠ ሰው ይህ አያስገርመውም። ሰሙን አሳይቶ ወርቁን መደበቅ፣ መምህሩ ሲፈታው ማየት፣ ባልንጀራ ሲሳሳት መሳቅ፣ ተራ ሲደርስ መንቀጥቀጥ፤ ይህ ሁሉ ጨዋታ ካልሆነ ጨዋታ ምንድን ነው? ሰንጠረዥ የሚለው ቃል ደግሞ ከዐረቦቹ ሸጥረንጅ ጋር አንድ ምንጭ አለው። ዛሬ ሰንጠረዥ ስንል በመጽሐፍ ላይ የሚሠመረውን መደብ ማለታችን ነው፤ ቀድሞ ግን የመኳንንቱ የቼዝ ጨዋታ ስም ነበር፤ እርሱም ሲጀመር አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሱ ነበር። እንዲህ ያለው አጀማመር በሌላ አገር ቼዝ አይታወቅም።

ዋዛ ፈዛዛ የሚባለው ሌላ ነው። ቁማርም ሌላ ነው፤ በየከተማችን ወጣቱን የሚያስጨንቀው «ቤቲንግ» የተባለው ነገር የጨዋታ ልብስ የለበሰ ንግድ እንደ ሆነ ያየነው ይመሰክራል። ሆላንዳዊው የታሪክ ሊቅ ዮሐን ሆይዚንጋ እ.ኤ.አ. በ1938 ሆሞ ሉደንስ ብሎ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጨዋታ በፈቃድ የሚደረግ፣ የራሱ ጊዜና ቦታ የተከለለለት፣ ለሌላ ትርፍ ሳይሆን ለራሱ የሚደረግ ነገር ነው ይላል። ይህን አንድ በአቡ ዳቢ የሚሠራ የተማረ ምእመን ነገረን። እኛም ነገሩን ለመፈተን ወደዚያች እኅት ተመለስን።

የመጣችው ከደቡብ ወሎ ነው። በአሠሪዎቿ ቤት ሦስት ሕፃናት አሉ፤ ሥራዋ እነርሱን መጠበቅ ነው። «እኔ ቀኑን ሙሉ ስጫወት ነው የምውለው አባ» አለችን። አኩኩሉ ትደብቃቸዋለች፤ ኳስ ትወረውርላቸዋለች፤ በግቢው ንጣፍ ላይ በጠመኔ መደብ ሥላ ሰኞ ማክሰኞ አስተምራቸዋለች፤ የአምስት ዓመቷ ልጅ በአንድ እግሯ እየዘለለች የሳምንቱን ቀናት በአማርኛ ትጠራለች። ማዳም ሰምታ ስቃለች። «ታዲያ ያ ጨዋታ አይደለም?» ብንላት ቆየችና፣ «ለእነርሱ ነው። እኔ ቢደክመኝም አላቆምም፤ ልጁ ካላለ አልሸነፍም፣ ልጁ ካላለ አላሸንፍም። እዚህ አሸዋው ላይ ግን ካልፈለግሁ እነሣለሁ» አለችን። ከሊቁ መጽሐፍ ይልቅ የእርሷ ነገር ገባን። የእርሷ ልጅ በአያቱ ቤት ነው፤ አሁን ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ትታው ስትሄድ አራት ነበር።

እንግዲህ ጨዋታ የራስ የሆነ ጊዜ ይፈልጋል። የኤምሬትስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ ቤት ሠራተኞች ባወጣው ሕግ ቁጥር 10 ለሠራተኛዋ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፣ በቀን ደግሞ 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያም ቢያንስ 8ቱ ሰዓት ያልተቋረጠ እንዲሆን ደንግጓል፤ በ2022 የወጣው ተከታዩ ሕግም የሳምንቱን ዕረፍት ጠብቋል። ሕጉ መልካም ነው። በየቤቱ ይፈጸማል ማለት ግን አይደለም። በዚያ መናፈሻ ካገኘናቸው መካከል በየሳምንቱ የሚመጡ ነበሩ፤ በወር አንድ ጊዜ የሚመጡም ነበሩ፤ አንዲቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ይህ ሁለተኛዋ እንደ ሆነ ነገረችን፤ ገበጣውን አልተጫወተችም፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን አሸዋው ውስጥ ቀብራ ስታይ ዋለች። ለዚህች ምን እንደምንላት አላወቅንም፤ አሁንም አናውቅም።

በአቡ ዳቢ በሙሽሪፍ ሰፈር የልዩ ልዩ ማኅበረ ክርስቲያናት ቤተ ጸሎቶች ተጠጋግተው ቆመዋል። በገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29፣ በዚያው አካባቢ ባለ የመኪና ማቆሚያ ጥቂት አባቶች ልጆቻቸውን የገና ጨዋታ ሊያስተምሩ ሲሞክሩ አይተናል። ከጫካ የተቆረጠ ቆልማማ ዱላ የት ይገኛል? ከሱቅ የተገዛ የፕላስቲክ ዱላና የቴኒስ ኳስ ነበረ። በአገራችን እረኞቹ የጌታን ልደት ሰምተው በበትራቸው ተጫወቱ እየተባለ የሚወረሰው ይህ ጨዋታ፣ ጌታና ሎሌ ለአንድ ቀን የሚተካከሉበት ነው፤ በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው ላይ አይቆጣም የሚል ብሂልም አለ። አንድ ልጅ «ጎሉ የት ነው?» አለ። አባትየው ግራ ተጋብቶ ቆመና፣ «በእኛ ዘንድ ጎል የለም፤ ሩሯን እስከ ማዶው መንደር መንዳት ነው» አለው። ልጁ ወደ መኪናዎቹ ተመለከተ። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደ ተጫወቱ ጥበቃው መጥቶ በትሕትና አስቆማቸው፤ መስታወት እንዳይሰበር ነው። እውነቱን ለመናገር ጥበቃው ትክክል ነበር።

ስለዚያ አገር ጨዋታ ስንጽፍ የግመሉን እሽቅድድም መተው አይቻልም። ከአቡ ዳቢ ወጣ ብሎ በአል ወትባ ትልቅ ሜዳ አለ፤ አንድ ሾፌር ምእመን በማለዳ ወስዶ አሳየን። ግመሎቹ ሲሮጡ ውበታቸው ይደንቃል፤ የእሽቅድድሙም ልማድ እ.ኤ.አ. በ2020 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ነገር ግን በጀርባቸው ላይ ሰው የለም። ጥቂት ኪሎ የሚመዝን፣ የሸሚዝ ቅርጽ ያለበሱት ትንሽ መኪና ተቀምጧል፤ ጅራፉ በኤሌክትሪክ ይዞራል፤ የግመሉ ባለቤት በሜዳው ዳር በመኪና እየተከተለ በሬዲዮ ያዘዋል፣ ግመሉንም በድምፁ ያበረታታል። እኛ ሳቅን። ሾፌሩ አልሳቀም። «አባ፣ ድሮ እዚያ ላይ ሕፃናት ነበሩ» አለን።

እውነት ነው። ግመሉ ቀላል ሰው ሲቀመጥበት ስለሚፈጥን፣ ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽ፣ ከሱዳንና ከሞሪታኒያ የመጡ ትንንሽ ልጆች፣ አንዳንዶቹ አምስት ዓመት እንኳ ያልሞላቸው፣ በግመል ጀርባ ላይ ይታሰሩ ነበር። ክብደታቸው እንዳይጨምር ምግብ ይቀነስባቸው ነበር፤ የወደቁና የተሰበሩ ነበሩ፤ የሞቱም ነበሩ። ብዙዎቹ ተሽጠው ወይም ተታለው የመጡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 መንግሥቱ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ግመል እንዳይጋልብ በሕግ ከለከለ፤ ከዩኒሴፍ ጋርም ተስማምቶ ከሺህ በላይ የሚሆኑ ልጆች ወደየአገራቸው እንዲመለሱ ተደረገ። በቦታቸው ያ ትንሽ መኪና ገባ። በተመልካቹ ዐይን ከዚያ በፊትም ጨዋታ፣ ከዚያ በኋላም ጨዋታ ነበር፤ ሜዳው ያው ነው፣ ጭብጨባው ያው ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ አበኔር ኢዮአብን ጎልማሶች ተነሥተው በፊታችን ይጫወቱ ያለበት ታሪክ አለ። ከዚህ ዐሥራ ሁለት ከዚያ ዐሥራ ሁለት ሆነው ተነሡ፤ ሁሉም በአንድነት ወደቁ። ያንን ምዕራፍ ብዙ ጊዜ አንብበነዋል። ከአል ወትባ ከተመለስን በኋላ ስናነብበው ግን የጎልማሶቹን ስም ፈለግን፤ አልተጻፈም።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። በአባቶች ዜና ውስጥ የአባ እንጦንስ አንድ ታሪክ ይገኛል። ቅዱሱ ከወንድሞች ጋር ሲጫወት፣ ማለትም ሲያወራና ደስ ሲለው፣ በበረሃ የሚያልፍ አዳኝ አይቶ ተሰናከለ። አባ እንጦንስም ቀስትህን ገትር አለው፤ ገተረ። ጨምር አለው፤ ጨመረ። ደግሞ ጨምር ቢለው አዳኙ ከልክ ካለፈ ይሰበራል አለ። ቅዱሱም የወንድሞች ነገር እንደዚሁ መሆኑን አስረዳው። ይህን ታሪክ ለእኅቶቻችን ነገርናቸው። ከመካከላቸው አንዲት ብልኅ፣ «ታዲያ እኛ ስድስቱን ቀን ተገትረን ነው የምንውለው» አለች። ለልጅቱም የመለስንላት እንዲህ ነው፤ ጸሎቱን ሳታስታጉሉ፣ ሳትወራረዱና ሳትጣሉ የምትጫወቱት ገበጣ አያስገድፍም፤ ተሸንፋችሁ ቂም ከያዛችሁ ግን ለንስሓ አባታችሁ የምትናገሩት ቂሙን ነው። ይህ የእኛ መልስ ነው፤ ከዚህ ይልቅ የሚጠነክር አባት ቢኖር አንከራከርም። በሰሙነ ሕማማትስ ብላ ስትጨምርብን ግን «እርሱን ተዉት» አልናት፤ ራሷም እንዲሁ አስባ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ለመጻፍ አመንትተናል። ቀሚሳችንን ሰብስበን አሸዋው ላይ ተቀመጥን፤ ጠጠሩን አንሡ አሉን፤ አነሣን። ሦስት ጊዜ ተሸነፍን። በሦስተኛው ጊዜ ልታሸንፈን ስትል እጇን ያዝ አድርጋ የተሻለውን ጉድጓድ በዐይኗ አመለከተችን፤ አላየንም አልን፤ እንደ ሕፃናቱ ልትሸነፍልን ሳትፈልግ አልቀረችም። «እንደ ሥራሽ አታድርጊው» ብንላት ሁሉም ሳቁ፤ እርሷም ጨክና በላችን።

ሲመሽ ስልኳ ጮኸ። ልጇ ነበር። በዚያች ቀን የተማርነው አንድ ሌላ ነገር እናትና ልጅ በስልክ እንቆቅልሽ እንደሚጫወቱ ነው። «እንቆቅልሽ» ይላል ልጁ፤ «ምን አውቅልህ» ትላለች። የጠየቃት ስለ ንብ ነበረ፤ እኛ እንኳ አውቀነዋል። እርሷ ግን አሰበች፣ አሰበችና፣ «አላወቅሁትም» አለች። ኋላ «አውቀሽው አልነበረምን?» ስንላት፣ «ሀገር ስጪኝ ሲለኝ መስማት ስለምወድ ነው» አለችን።

እንደ ደንቡ «ሀገር ስጪኝ» አላት። «አል ዓይንን ሰጠሁህ» አለችው። «አልፈልግም» አለ። «አቡ ዳቢን ውሰድ።» «እሱንም አልፈልግም፤ ሌላ።» በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች ጠጠር መቁጠራቸውን ትተው ይሰሙ ነበር። ላሊበላን ሰጠችው፤ ላሊበላ የአክስቱ ነው ብሎ እምቢ አለ። በመጨረሻ ደሴን ሰጠችውና ተቀበለ፤ ደሴን ወስዶ የተሸናፊውን ስድብ ሁሉ በፍጥነት እየተነተነ አወረደባት፤ እርሷ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ሁላችንም እንድንሰማ ያዘችው። ከዚያ ወዲያ «አሁን የእኔ ተራ ነው» አለችው። መኪናው መጥቶ ሾፌሩ ይጠራቸው ነበር፤ አንዲቱ ፍሬዎቹን ወደ ቆርቆሮው ትመልሳለች፣ ሌላይቱ ምንጣፉን ታጥፋለች። ጉድጓዶቹን ግን አልደፈኑም፤ ለሚመጣው እሑድ ይቆዩ እንደ ሆነ ብለው እንዲሁ ተዋቸው።